ከብድሩ በፊት ደብተሩ፦ ከሦስት ጀማሪ ነጋዴዎች ጋር

ጥቅምት 2017

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለራሴ ነው። አንድ ወዳጄ አንብቦት "ለሌላም ሰው ይጠቅማል፣ አውጣው" ስላለኝ እንደወረደ አስቀምጠዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ስሠራ ነው የኖርኩት። የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የመጣውን ሁሉ። አሁን ሥራውን ልጄ ስለያዘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ የሰፈሬ ሦስት ወጣቶች የየራሳቸውን ሥራ ጀምረዋል፣ ወይም ሊጀምሩ ነው። አንዷ በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች። አንዱ ጫማ ይሠራል። ሦስተኛው ጠዋት ጠዋት ካዛንቺስ አካባቢ በጋሪ እንቁላል ሳንዱች ይሸጣል። ስማቸውን አልጽፍም፣ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ።

ገና ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ተስማማን። እኔ ገንዘብ አላበድርም፣ ዋስም አልሆንም። እነሱ ደግሞ ሲመጡ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። የገባ፣ የወጣ፣ ለማን በዱቤ እንደተሰጠ። ደብተር ያልያዘ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ስለ ሥራ አናወራም።

የሦስቱም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነበር። "ጋሼ፣ ብድር የሚሰጡበት ቦታ የሚያውቁት ሰው አለ?"

መልሱን ትቼ እኔም ጠየቅኳቸው። አሁን እጃችሁ ላይ ሁለት ሺህ ብር ቢኖር ነገ ጠዋት ምን ትገዙበታላችሁ? የሳንዱቹ ልጅ ሳያስብ መለሰ፦ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ የቀረችውን ለጋዝ። እስከ ነገ ምሳ ብሩ ተመልሶ ኪሱ ውስጥ ነው። የበርበሬዋ ልጅ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ፌስታልና ቅመም" አለች። ጫማ ሠሪው ስለ ማሽን ጀመረ። የሁለት ሺህ ብር ማሽን የለም። ስለዚህ ሁለት ሺህ ብር ለእሱ ምንም አይደለችም ማለት ነው፣ እና እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ እንዳለን የገባኝ።

ጫማ ሠሪው እጁ ወርቅ ነው። ሥልጠናም ሞልቶታል። የሥራ ፈጠራ፣ የንግድ ዕቅድ፣ የሕይወት ክህሎት፤ የሦስቱም ሰርተፍኬት በፕላስቲክ ታሽጎ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ሥልጠና መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በየአዳራሹ ሻይ ቡና ተጠጥቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ የጋራ ፎቶ ተነስቶ ሲያልቅ ልጁ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ስንት እንደሚያወጣበት ሳያውቅ ቤቱ ከገባ ያው ነው።

ስለ ብድር ስቸኩል የማልታየው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመጣ በሰፈራችን መደራጀት ወረት ሆኖ ነበር። ለፎርሙ ሲባል የማይተዋወቁ ልጆች ማኅበር ይሆናሉ፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሁሉም ሹመት አለው፣ ደንበኛ ግን የለም። ብሩ ሲገባ አንዱ ማሽን ይገዛ ይላል፣ ሌላው እንካፈለውና ሁሉም በየፊናው ይሥራ ይላል። ከእነሱ መካከል ዛሬም የሚሠሩትን አውቃለሁ። አስቀድመው አብረው የሚሠሩ የነበሩት ናቸው።

ኅዳር አጋማሽ

የካዛንቺስ ነገር። አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የሳንዱቹ ልጅ ደንበኞች አብረው ተበተኑ። ጋሪው አልተነካበትም፣ የሚበላው ሰው ነው የሄደው። የቢሮ ሠራተኛው ቀርቷል፣ ግን የሰፈሩ ሰው፣ የጥገና ቤቱ ልጆች፣ ባለሱቆቹ፣ እነሱ ነበሩ ጠዋት በዱቤም በጥሬም የሚይዙት። ደብተሩ ላይ የቀን ሽያጩ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ትንሽ ልጠብቅ፣ ይመለሱ ይሆናል" አለኝ። ሰው ቤቱ ፈርሶ ሌላ ሰፈር ከገባ በኋላ ለአንድ ሳንዱች አይመለስም። ኮልፌ አክስቱ ጋ አንዲት በረንዳ አለች፣ ከሱቅ ፊት ለፊት። አብረን ሄደን ጠዋትና ማታ የሚያልፈውን ሰው ቁጭ ብለን አየን። ጠዋት መካከለኛ ነው። ማታ ግን ከታክሲ የሚወርደው ብዙ ነው። ተዛወረ።

ኅዳር መጨረሻ፣ በርበሬ

ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የዓመቱ ዋና ትምህርት ከዚች ደብተር ሳይወጣ አይቀርም።

የበርበሬዋ ልጅ "አተርፋለሁ" ትላለች። ስንት? "ከ20 ኪሎ ሁለት ሺህ አራት መቶ።" እሺ፣ ከመጀመሪያው እንሂድ አልኳት። እቤታቸው ነበርን፣ እናቷ ቡና ያፈላሉ፣ ዛላው ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። ቁጥሩን ለአንባቢ እንዲቀል አጠጋግቼዋለሁ።

ዛላ በርበሬ 20 ኪሎ፣ ኪሎው በ400፣ 8,000 ብር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጨው ተደማምሮ 1,600። ዛላው ሲቀነጠስ ይቀንሳል፣ ቅመሙ ሲገባ ደግሞ መልሶ ይሞላል፣ ተፈጭቶ ሲመለስ 20 ኪሎ ግድም ይወጣል። ኪሎውን በ600 ትሸጣለች፣ 12,000። እሷ ከዚህ ላይ 9,600 ትቀንስና 2,400 ትላለች።

"ከመርካቶ እንዴት አመጣሽው?" በላዳ። 300። "ወፍጮ ቤት?" 400። "ፌስታሉስ?" 200። 1,500 ቀረ። ፊቷ ትንሽ ተቀየረ።

"ማን ቀነጠሰው?"

"እኔና ትንሿ እህቴ። ሁለት ቀን።"

"ሰው ብትቀጥሪ በቀን ስንት ይከፈላል?"

"ሦስት መቶ።"

እናትየው እዚህ ላይ ጣልቃ ገቡ። "እንዴ ጋሼ፣ የቤት ልጅ ጉልበትም ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል እንጂ! ትንሿ ፈተና ደርሶባት ባትመጣ ማን ሊቀነጥስ ነው?"

ሁለት ሰው፣ ሁለት ቀን፣ በ300፣ 1,200 ብር ነው። የቀረው 300 ብር። ከ20 ኪሎ በርበሬ! ያውም መደለዙን፣ ማድረቁን፣ ማመሱን ገና አልቆጠርንም። ከዚያ የዱቤውን ገጽ ገለጥን። አራት ኪሎ ለዘመድና ለጎረቤት ሄዷል፣ 2,400 ብር፣ አንዱም አልተሰበሰበም። ስለዚህ ልጅቱ ለሰፈሩ በርበሬ እያስፈጨች በነፃ ስታድል ነው የከረመችው።

አልተከዘችም፣ ተናደደች። መናደዷ ደስ አለኝ።

ሦስት ነገር ወሰነች፤ እኔ አልወሰንኩላትም። አንደኛ፣ ዋጋ። 600 ያለችው ሌሎች በ600 ስለሚሸጡ ነው። ግን የእሷ ደንበኞች የሚመጡት ለርካሽነቱ አይደለም። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን፣ ሰው የሚያምነው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ 680 ከፍ አደረገችው፣ የፈለገ ደንበኛም ወፍጮ ቤት ድረስ አብሯት ሄዶ ሲፈጭ ማየት ይችላል። ሁለተኛ፣ ዱቤ። ሱቆች ላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ" ተብሎ ይለጠፋል። ለባለሱቅ ይሠራል፣ ለአክስት ግን አይለጠፍም። እሷ ሩብ ሩብ ኪሎ ማሸግ ጀመረች። ዘመድ ዱቤ ካለ ሩብ ኪሎ ነው የሚሰጠው፣ እሱን ሳይከፍል ሁለተኛ የለም። ይሉኝታም ተጠበቀ፣ ጉዳቱም አነሰ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። በርበሬ የሚረክሰው አዲሱ ምርት ሲገባ ነው፣ ከማረቆም ከአላባም ከሌላውም ወደ ገበያ ሲጎርፍ፣ ማለትም ከአሁን ጀምሮ እስከ ጥር ባለው ጊዜ። ክረምት ሲቃረብ ይሰቀላል። አሁን ብዙ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል፣ ግን በምን ብር? የሠፈር ዕቁብ አላት። ዕጣው አልደረሳትም። እሷ ግን የደረሳቸውን አንድ እናት ለምና ተራ ተለዋወጠች፣ ትንሽም ጨምራላቸዋለች። ብድር ብድር ስትል የነበረችው ልጅ ብሩ እቤቷ አጠገብ ነበር።

ታኅሣሥ

አጭር ማስታወሻ ለሁሉም፦ የቤትና የሥራ ገንዘብ። ሁለተኛ ሲም ካርድ አውጡ ብያለሁ። ለሥራ ብቻ የሚሆን ቴሌብር። ደንበኛ ወደዚያ ይልካል፣ ዕቃም ከዚያ ይገዛል፣ ለራሳችሁ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ደመወዝ ታስተላልፋላችሁ። ትንሽም ብትሆን ደመወዝ ናት። የሳንዱቹ ልጅ "ለራሴ ደመወዝ ስከፍል ሠራተኛ የሆንኩ መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። ሠራተኛም ነህ እኮ። አለቃህም አንተው ነህ፣ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ጥር

ወደ ጫማ ሠሪው ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ይህ ዜና ብቻ ሆኖ የቀረበት ሰው ይኖራል። ለጫማ ሠሪ ግን ማስቲሽ ነው፣ ሶል ነው፣ ክር ነው። ልጁ ለመርካቶ ባለሱቅ ዋጋ ተናግሮ፣ ሠርቶ፣ ሲያስረክብ የሚቀጥለው ዙር ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው። ባለሱቁ ደግሞ የሚከፍለው ጫማው ሲሸጥለት ነው። ማለትም ደሃው ሠሪ ለሀብታሙ ነጋዴ እያበደረ ነው። ይህን ደብተሩ ላይ ሲያየው ራሱን ይዞ ቀረ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ቀብድ። ችግሩ አፉ አይደፍርም። አንድ ጫማ በእጁ ሲይዝ ስለ ስፌቱ ግማሽ ሰዓት ያወራል፣ ስለ ብር ሲሆን መሬት መሬት ያያል። ስለዚህ ቲያትር ሠራን። እኔ ባለሱቅ ሆንኩ፣ ወንበሬን ይዤ፣ ስልኬን እየነካካሁ፣ ሳላየው።

"አርባ ጥንድ ሥራልኝ። ያው እንደ ድሮው።"

"ጋሼ፣ ግማሹን ቀብድ..."

"ቀብድ? አንተ ልጅ፣ እኔን አታምነኝም?"

ዝም አለ። እንደገና። አሁንም ዝም። የበርበሬዋ ልጅ ከጎን ሆና ሰምታ ኖሮ "እንዲህ በላቸው" አለችው፦ "እኔ አምንዎታለሁ፤ ቆዳ ሻጩ ግን እኔን አያምነኝም።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ያንን አረፍተ ነገር ይዞ መርካቶ ሄደ። ግማሽ አላገኘም። ሲሶ ሰጡት፣ ዋጋውም ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደሚጸና ወረቀት ላይ ተጽፎ ተፈራረሙ። ሲሶዋ ቆዳውን ችላለች። ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ እነሱ እርስ በርሳቸው ሲማከሩ እኔ ዝም ማለት አበዛሁ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ለእኩያው የሚለው ነገር ከእኔ ምክር ይልቅ ቶሎ ይገባዋል።

የካቲት መጨረሻ

ዘንድሮ ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ሁለቱ ተደራረቡ።

የእንቁላል ሳንዱች ለሚሸጥ ሰው 55 ቀን ጾም ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን ልጁ አልደነገጠም፣ ምክንያቱም ደብተሩ ቀድሞ ነግሮታል። ከጥቅምት ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ሽያጩ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። በአእምሮው ያውቀው ነበር፣ ስንት እንደሚወርድ ግን በቁጥር አይቶት አያውቅም። በየሳምንቱ ሁለት ቀን እንዲህ ከሆነ ሁለት ወር ሲሆን ምን እንደሚመጣ አስልቶ ከጥር ጀምሮ ተዘጋጀ። ጠዋት እርጥብ፦ ዳቦ፣ ድንች፣ ዳጣ። ከሰዓት በኋላ የምስር ሳምቡሳ። ምስር ሳምቡሳ የጾም ነው፣ ለማፍጠሪያም የግድ ነው። ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ መግሪብ ድረስ በረንዳዋ ላይ ሰልፍ አለ። ኮልፌ መሄዱ አሁን ነው የከፈለው።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ሊጡን ጓደኛው ይዳምጣል፣ እሱ ይጠቀልላል፣ ይጠብሳል፣ ይቆጥራል። ዘይቱ ሲጠቁር ለመድፋት እጁ አልሄደለትም፤ ዘይት ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ምንም አላልኩም፣ ሰልፍ ላይ ያሉ አንዲት እናት ግን አሉ። "የኔ ልጅ፣ ይቺ ዘይት ቡና መሰለች።" በማግሥቱ የዘይት መቀየሪያ ወጪ ደብተሩ ላይ ገብቷል።

ጓደኛውን በምን ይክፈለው? የቀን ክፍያ ወይስ ከትርፍ? እሱ "እኩል እንካፈል" ብሎ ነበር፣ በወዳጅነት። እኔ የቀን ክፍያ ይሁን ብዬ ተሟገትኩ፣ ትርፍ የሚካፈል ኪሳራም መካፈል አለበት፣ ጓደኛው ለኪሳራው ዝግጁ ነው? አልተስማማንም። በመጨረሻ የቀን ክፍያ ሆኖ ከተወሰነ ሽያጭ በላይ ሲገኝ ጉርሻ ተጨመረ። ጥሩ ነው፣ እኔ ካልኩትም ይሻላል።

መጋቢት

የንግድ ፈቃድ። የበርበሬዋን ልጅ አንድ ሚኒ ማርኬት "ምርትሽን እናስገባለን፣ ደረሰኝ ካለሽ" አላት። ቲን ቁጥር፣ ምዝገባ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ስለ ምልልሱ ብዙ አልጽፍም፣ የሄደበት ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቤት አከራዩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ወረቀቱ ሁሉ አልቆ ውል አልፈርምም የሚል አከራይ አለ።

ፈቃድ መቼ ይውጣ በሚለው ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አይደለም። ገና ገበያ ያልለመደ ሥራ ላይ ግብር መጫን ዕዳ ነው። ግን ደረሰኝ የሚጠይቅ ደንበኛ በር ላይ ከቆመ ማመንታት አያስፈልግም። ለእሷ ያ ጊዜ ደርሷል።

ግንቦት

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሳንዱቹ ልጅ መጥቶ "ሥራ አገኘሁ" አለኝ። ሆቴል ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በደመወዝ። ጋሪውንና በረንዳዋን ለጓደኛው በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ሸጠለት፣ ውሉን እኔው ጋ ነው የጻፉት። የአንድ ድርጅት ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ ይሄ ልጅ "ያቋረጠ" ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሆቴሉ የቀጠረው ሳምቡሳውን ቀምሶ ነው። ጓደኛውም ደንበኛ ያለው ሥራ ገዛ። ከሦስት አንዱ ተቀጥሮ ቢሄድ ምን አለበት? ሁሉም ሰው ነጋዴ ይሁን የሚለው ነገር አይዋጥልኝም።

ጓደኛው አሁን ደብተር ይዞ መምጣት ጀምሯል። ጽሑፉ አይነበብም።

ሰኔ

ጫማ ሠሪው ብድር ጠየቀ። አሁን ግን የሚያሳየው ነገር አለ። ማን እንዳዘዘ፣ ስንት ቀብድ እንደተቀበለ፣ መቼ እንዳስረከበ፣ መቼ እንደተከፈለው። ብድር ሰጪው ባለሙያ ገጾቹን እያገላበጠ "ይህን ማን አስተማረህ?" አለው። ዋስ ያው ተጠየቀ፣ ደመወዝተኛ። አጎቱ ሆኑለት። የጠየቀውን ሙሉውን አልሰጡትም፣ እሱም ደግ ሆነ፤ አዲስ ማሽን ሊገዛ ነበር፣ ያገለገለ የቆዳ መስፊያ ገዛ። ከመግዛቱ በፊት ባለቤቱ ፊት ወፍራም ቆዳ ላይ ሰፍቶ ሞከረው። ጎበዝ።

ክፍያውን ከሽያጩ ጋር አስተያየነው። ወሩ መጨረሻ ላይ የሚከፈል ብድር፣ ወሩ መካከል ላይ ከሚከፍል ባለሱቅ ጋር ይገጥማል። የሚከፍለው የሚቀጥለው ወር ከሆነ ግን ልጁ ከኪሱ ነው። ስለዚህ ቀብድ የማይሰጠውን አንዱን ባለሱቅ ተወው። ከባድ ውሳኔ ነበር፣ ብዙ የሚያዝ ሰው ነው።

ሐምሌ

ክረምቱ ገባ። የበርበሬዋ ልጅ በጥር የገዛችው ዛላ ዋጋው ወጥቷል፣ ስሌቷ ልክ ነበር። ሆኖም እርጥበት ሌላ ጠላት ነው። አንዱ ጆንያ ከግድግዳ ተጠግቶ ስለነበር ከሥር ሻግቶ ተገኘ። እናትየው "ታጥቦ ቢሰጣ ይድናል" አሉ። ልጅቷ እምቢ አለች፣ ጣለችው። የሻገተ በርበሬ ታጥቦ አይድንም፣ መርዙ ይቀራል። የተቀሩት ጆንያዎች አሁን ከእንጨት ርብራብ ላይ ናቸው፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው። የጣለችውም ብር ደብተሩ ላይ ወጪ ተብሎ ተጽፏል፣ እህትየው የምትቀነጥስበት ክፍያም እንደዚያው።

ጫማ ሠሪው ለመስከረም የተማሪ ጫማ ትዕዛዝ ይዟል፣ ጥቁር፣ ባለ ማሰሪያ፣ 60 ጥንድ። ቀብዱን ተቀብሏል። ቆዳው ተገዝቷል። የቁጥር 37 ሶል ግን መርካቶ ጠፍቷል፣ ያለው 36 እና 38 ነው። ሰኞ አብሬው ሄጄ እንፈልጋለን። ካልተገኘ ባለሱቁን አሁኑኑ ማነጋገር ነው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አይደለም።